ቻርሊ ፓርከርን ከየት ጀምሬ ልስማ?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጠይቃለች፦ «አልቶ ሳክስፎን እየተማርኩ ነው። ሙዚቃ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ‹ቻርሊ ፓርከርን ስሚ› ይሉኛል። ሞከርኩ፤ ግን የሚሮጥ የኖታ ጎርፍ ሆነብኝ። አልበሞቹ ላይ ደግሞ አንዱ ዜማ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ከየት ልጀምር? ስለ ሰውየው ሳነብ ወሬው ሁሉ ሄሮይን ነው። እንደዚያ የተጫወተው በሄሮይኑ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

እህቴ፣ ይህን አሜሪካዊ የጃዝ አልቶ ሳክስፎኒስት ለመጀመር ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ስሚ፦ «ፓርከርስ ሙድ»ን። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1948 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሳቮይ የሸክላ ኩባንያ የተቀዳ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ዝግ ያለ ብሉዝ ነው። ፒያኖ ጆን ሉዊስ፣ ቤዝ ኬርሊ ራስል፣ ድራም ማክስ ሮች። ከፓርከር አልቶ ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ የለበትም። ስለዚህ ጆሮሽ የሚከተለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አጭር የጥሪ ሐረግ ይነፋል። ፒያኖው ቴምፖውን ያስይዛል። ከዚያ ፓርከር ሁለት ዙር (ዙር ማለት ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ሲሄድ ነው) ተጫውቶ ለፒያኖው ይለቃል፤ ተመልሶም ይጨርሳል። ፈጣን ሐረጎች አሉበት። ግን ከፈጣኑ በኋላ ሁልጊዜ ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን የሚነፋውን ተይውና የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ተከታተዪ። በሁለተኛው ቀን የየሐረጉን የመጨረሻ ኖታ ያዢ። ያን ጊዜ ጎርፍ ያልሽው ነገር ዓረፍተ ነገር መሆኑ ይገባሻል።

ጎርፍ የመሰለሽ ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ጆሮ ያደገው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ነው። እነዚህ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ ይቆማሉ። ዘፈኑም ከገባበት ቅኝት ብዙ ጊዜ አይወጣም። ውበቱ ያለው በዚያው ውስጥ በሚደረገው ማስጌጥ ነው። በፓርከር ሙዚቃ ግን ከሥር ያለው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) በየሜዠሩ (ሜዠር አራት ምት ያህል ነው)፣ አንዳንዴም በየሁለት ምቱ ይቀየራል። እሱ ደግሞ እያንዳንዷን ለውጥ በዜማ ያሳያል። ኮርዱ ሲቀየር የእሱም የኖታ ምርጫ አብሮ ይቀየራል። ከኮርዱ ውጭ ያሉ ድምፆችን እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀማል፤ ዋናው ድምፅ ግን ጠንካራው ምት ላይ ይወድቃል። ኮርዶቹን ያልለመደ ጆሮ ይህን ሁሉ እንደ ዝም ብሎ ሩጫ ቢሰማው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ። «የተለየ ፍጥረት ነው፣ እንዲሁ ወረደለት» የሚሉሽን አትመኚ። ፓርከር ሠራተኛ ነበር። ይህን የምለው እንዲሁ ለማበረታታት አይደለም። ሥራው ደረጃ በደረጃ ተቀድቶ ስላለ መከታተል ይቻላል።

የተወለደው ኦገስት 29 ቀን 1920 በካንሳስ ግዛት ባለችው ካንሳስ ሲቲ ነው። ያደገው ግን ከወንዙ ማዶ፣ በሚዙሪ በኩል ባለችው ትልቋ ካንሳስ ሲቲ ነው። ለእናቱ ብቸኛ ልጅ ነበር። እናቱ አዲ ሌሊት ሌሊት ትሠራ ነበር። ሳክስፎን የገዛችለትም እሷ ናት። ያኔ ከተማዋን የሚያሽከረክረው ቶም ፔንደርጋስት የሚባል የፖለቲካ አለቃ ነበር። በእሱ ዘመን የመጠጥ ቤቱና የቁማር ቤቱ በር አይዘጋም። ሙዚቃውም እስኪነጋ ይቀጥላል። የባንድ መሪው ካውንት ቤሲና ቴነር ሳክስፎኒስቱ ሌስተር ያንግ የሚጫወቱት እዚያው ነበር። እናቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ልጁ ወደ ክለቦቹ ደጅ ይሄዳል። ፓርከር የተማረበት እውነተኛ ትምህርት ቤት ያ ደጅ ነው።

በ1936 በሬኖ ክለብ አንድ የጃም ሴሽን (ሙዚቀኞች ያለ ዝግጅት አብረው የሚጫወቱበት) ላይ ወጣ። ከኮርዱ ጠፋ። የቤሲ ድራመር ጆ ጆንስ ሲምባሉን አውልቆ እግሩ ሥር ጣለበት። ውረድ ማለቱ ነው። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ የምወደው ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። በ1937 ክረምት ኦዛርክ ወደሚባለው ተራራማ የመዝናኛ አካባቢ ከአንድ ባንድ ጋር ለሥራ ሄደ። የሌስተር ያንግ ሶሎ ያለባቸውን የቤሲ ሸክላዎች ይዞ ነበር። እነሱን ኖታ በኖታ በጆሮው አወጣቸው። ኮርድ የሚያስረዳው የባንድ ጓደኛም አገኘ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው።

በ1954 ቦስተን ውስጥ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት፣ ሳክስፎኒስቱ ፖል ዴዝመንድ ስለ ቴክኒኩ ጠየቀው። ፓርከር የመለሰው ነገር ለማንኛውም ተማሪ ቁም ነገር ነው። ለሦስት አራት ዓመት ያህል በቀን ከ11 እስከ 15 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ተናገረ። ጎረቤቶች በጩኸቱ ተማርረው እናቱን ከሰፈር ልቀቂ እስከማለት ደርሰው ነበር። ቃለ መጠይቁ ድምፁ ተቀድቶ ስላለ ፈልገሽ ስሚው። የተረጋጋና የሚያስብ ሰው ነው የሚያወራው። ስለ እሱ ከሚወራው ምስል ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ቀጥሎ የጄይ ማክሻን ባንድ ውስጥ ገባ። «ያርድበርድ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት በዚያ ዘመን ነው። ኋላ አጥሮ «በርድ» ሆነ። ኤፕሪል 30 ቀን 1941 ባንዱ ዳላስ ውስጥ ለዴካ ኩባንያ ቀዳ። ከዚያ ቀን «ሁቲ ብሉዝ»ን ስሚ። የፓርከር ሶሎ 12 ሜዠር ብቻ ነው። ገና የሌስተር ያንግ ቅልጥፍና አለበት፤ የብሉዝ አነጋገሩ ግን የራሱ ነው። ሸክላው ሌላኛው ገጹ ላይ «ኮንፌሲን ዘ ብሉዝ» የሚባል ተወዳጅ ዘፈን ስለነበረው በጣም ተሸጠ። በዚያ አጋጣሚ የማይታወቀው ልጅ 12 ሜዠር በመላ አሜሪካ ተሰማ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በኦገስት 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይቀዱ አገደ። ክርክሩ በክፍያ ላይ ነበር። ዴካ በ1943 ተስማማ፤ ትልልቆቹ ቪክተርና ኮሎምቢያ ግን እስከ ኖቬምበር 1944 አልተስማሙም። ቢቦፕ (ፓርከርና ጓደኞቹ የፈጠሩት አዲሱ የጃዝ ስልት) የበሰለው በትክክል በእነዚያ ዓመታት ነው። ሃርለም ውስጥ ሚንተንስ ፕሌይሃውስና ሞንሮስ በሚባሉ ቤቶች ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊለስፒ፣ ቴሎኒየስ ሞንክ፣ ኬኒ ክላርክና ፓርከር ከሌሎች ጋር ሌሊቱን ሙሉ ይሞክሩ ነበር። ፓርከርና ዲዚ በኧርል ሃይንስ፣ ቀጥሎም በቢሊ ኤክስታይን ባንድ አብረው ሠሩ። የሃይንስ ባንድ በዚያ አቋሙ ስቱዲዮ አልገባም። ስለዚህ በ1945 ሸክላዎቹ ሲወጡ ሕዝቡ መነሻውን ሳይሰማ መድረሻውን ሰማ። ሙዚቃው ከሰማይ የወረደ መሰለው። «ተአምር ነው» የሚለው ወሬ ግማሹ የመጣው ከዚህ ክፍተት ይመስለኛል።

ዲዚና ፓርከር በ1945 ለጊልድ ኩባንያ የቀዷቸው «ግሩቪን ሃይ»፣ «ሾ ናፍ»፣ «ሶልት ፒናትስ» እና «ሆት ሃውስ» ቢቦፕን ለሕዝብ ያስተዋወቁ ሸክላዎች ናቸው። ትራምፔትና አልቶ አንድ ላይ ያንን ሁሉ ጠማማ ዜማ ሲነፉ ልዩነታቸው አይለይም። አንዱን ሰው ሁለት መሣሪያ ይዞ የሚጫወት ያስመስሉታል። «ሆት ሃውስ»ን ታድ ዳመሮን የጻፈው «ዋት ኢዝ ዚስ ቲንግ ኮልድ ላቭ» በሚባል የቆየ ዘፈን ኮርድ ላይ ነው።

ይህ አሠራር ግራ እንዳያጋባሽ ላብራራው። የእኛ አዝማሪ የታወቀ ዜማ ይዞ ግጥሙን እዚያው ይቀይራል። እነዚህ ደግሞ የታወቀ ዘፈን ኮርዱን ይዘው ዜማውን ይቀይራሉ። «ኦርኒቶሎጂ» ኮርዱ የ«ሃው ሃይ ዘ ሙን» ነው። «ዶና ሊ» የ«ኢንዲያና»። «በርድ ኦፍ ፓራዳይዝ» የ«ኦል ዘ ቲንግስ ዩ አር»። የዘፈን ደራሲው የገርሽዊን «አይ ጋት ሪዝም» ኮርድ ላይ ደግሞ ስንት ነገር እንደሠሩ ቆጥሮ መጨረስ ይከብዳል። የገንዘብም ምክንያት ነበረው። ኩባንያው የቆየውን ዘፈን ዜማ ካስቀዳ ለደራሲው ይከፍላል። ኮርድ ብቻ ከተወሰደ ግን ክፍያ የለም። ለተማሪ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የቆየውን ዘፈን ቃሉን እስክትይዢ ድረስ ከሰማሽው በኋላ የፓርከርን ስትሰሚ፣ ከሥሩ ያለው መንገድ አስቀድሞ የምታውቂው ይሆናል። ለጆሮ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ወደ ኖቬምበር 26 ቀን 1945 እንምጣ። ስለዚህ ቀን ሰፋ አድርጌ ልጽፍልሽ ፈልጌያለሁ፤ ምክንያቱም አንዱ ዜማ ይደጋገማል ላልሽው መልሱ እዚህ ነው ያለው።

ሳቮይ ፓርከርን በራሱ ስም እንዲቀዳ ቀጠረው። የባንድ መሪ ሆኖ ሲቀዳ የመጀመሪያው ነው። ትራምፔት የያዘው 19 ዓመቱ የነበረው ማይልስ ዴቪስ ነው። ድራም ማክስ ሮች፣ ቤዝ ኬርሊ ራስል። ፒያኖ ይጫወታል ተብሎ የታሰበው ባድ ፓወል አልተገኘም። ዲዚ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፤ ሳዲቅ ሃኪም የተባለ ፒያኒስትም ተጨመረ። በዚያን ቀን «ቢሊስ ባውንስ»፣ «ናውስ ዘ ታይም»፣ «ትራይቪንግ ኦን ኤ ሪፍ» እና «ኮኮ» ተቀዱ። አንድ ቀን ነው እንግዲህ።

«ኮኮ» የተሠራው «ቼሮኪ» በተባለ ዘፈን ኮርድ ላይ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 300 ምት አካባቢ ነው። መግቢያው በጣም ከባድ ስለነበር ትራምፔቱን ማይልስ ሳይሆን ዲዚ ነፋው። በመጀመሪያው ሙከራ ከመግቢያው በኋላ የ«ቼሮኪ»ን ዜማ መጫወት ጀመሩ። ወዲያው ተቋረጠ፤ ዜማው ከገባ ክፍያ አለና። ይህ የተቋረጠ ሙከራ ተቀድቶ አለ፤ የማስቆሙ ግርግርም ይሰማል። በቀጣዩ ሙከራ ዜማውን ዘለሉት። ፓርከር እያንዳንዳቸው 64 ሜዠር የሆኑ ሁለት ዙሮችን ያለ ማቋረጥ ነፋ። ሁሉም ነገር ከሦስት ደቂቃ በታች አለቀ። በ2002 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው ቅጂዎች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ መደጋገሙ ከዚህ ነው የመጣው። ፓርከር የሠራው አልበም ለመሥራት አልነበረም። ዘመኑ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ዘመን ነው። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ስቱዲዮ ገብተው አራት ዜማ ይቀዳሉ። እያንዳንዱን ዜማ ጥሩ ነው እስኪባል ይደጋግሙታል። አንዱ ይወጣል፤ ሌላው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ፓርከር ከሞተ በኋላ ረጅም ሸክላና ሲዲ ሲመጣ ኩባንያዎቹ የቀረውን ሁሉ ተከታትለው አወጡት። አንቺ በስልክሽ የከፈትሽው እንዲህ ያለውን ነው። በተከታታይ መስማቱ ማንንም ያደክማል። በመጀመሪያ የወጣውን ብቻ ለይተሽ ስሚ። ሌላውን ለጥናት አቆዪው።

ለጥናት ግን ወርቅ ነው። ኦክቶበር 28 ቀን 1947 ለዳያል ኩባንያ የተቀዳውን «ኢምብሬሰብል ዩ» ሁለቱንም ቅጂ አንድ ላይ ስሚ። ያው ዘፈን፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ቅጂ ፓርከር የገርሽዊንን ዜማ ትቶ በአንድ አጭር ሐረግ ይጀምራል። ሐረጓን ይደግማታል፤ ከፍ ያደርጋታል፤ ያዞራታል፤ ከዚያ ረጅም መስመር አድርጎ ይዘረጋታል። በሁለተኛው ቅጂ ያ ሐረግ የለም። ሌላ ሐሳብ፣ ሌላ መንገድ ነው። የተሸመደደ ነገር ቢሆን ይደግመው ነበር። በእኔ ግምት ፓርከር ከቀዳቸው ዝግ ያሉ ዘፈኖች ከዚህ የሚበልጥ የለም።

የ«ናውስ ዘ ታይም» ዕጣ ያሳዝነኛል። ከዓመታት በኋላ ያው ዜማ «ሃክልባክ» በሚል ስም የዳንስ ሙዚቃ ሆኖ በ1949 አገሩን አዳረሰ። ያወጣው ያው ሳቮይ ነው። የደራሲነቱ ስም ግን ለሌሎች ተሰጠ። 

አሁን ስለ ሄሮይኑ።

መነሻው የመኪና አደጋ ነው። በ1936 መጨረሻ ለሥራ ሲጓዙ መኪናቸው ተገለበጠ። የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። ለሕመሙ ሞርፊን ተሰጠው። ገና 16 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሱሱ እስከ ዕድሜ ልኩ አልለቀቀውም።

በሄሮይኑ ነው ወይ እንደዚያ የተጫወተው ላልሽው፣ ከማንም ወሬ ይልቅ ቅጂዎቹ ይመልሱልሻል። በ1945 መጨረሻ ዲዚና ፓርከር ሆሊውድ ወዳለው ቢሊ በርግስ ክለብ ሄዱ። በፌብሩዋሪ 1946 ዲዚ ሲመለስ ፓርከር ሎስ አንጀለስ ቀረ። እዚያ ሮስ ራስል የሚባል የሸክላ ነጋዴ ዳያል ኩባንያን አቋቁሞ አስፈረመው። ማርች 28 ቀን 1946 «ያርድበርድ ስዊት»፣ «ኦርኒቶሎጂ»፣ «ሙስ ዘ ሙች» እና «ኤ ናይት ኢን ቱኒዚያ» ተቀዱ። ከዚህ ቀን አራት ሜዠር ብቻ የሆነች ነገር ፈልጊ። በ«ኤ ናይት ኢን ቱኒዚያ» የመጀመሪያ ሙከራ ባንዱ ቆሞ ፓርከር ብቻውን አራት ሜዠር ይነፋል። ሙከራው በሌላ ምክንያት ተጣለ። አራቱ ሜዠር ግን ሊጣሉ ስላልቻሉ ለብቻቸው «ፌመስ አልቶ ብሬክ» ተብለው ወጡ። «ሙስ ዘ ሙች» ደግሞ ስሙ የተወሰደው ሄሮይን ከሚሸጥለት ሰው ቅጽል ስም ነው። ፓርከር ከዳያል የሚያገኘውን ሮያሊቲ ግማሹን ለዚሁ ሰው በፊርማ አስተላልፏል። የሱስን ዋጋ ማወቅ ለፈለገ ይህች ፊርማ ትበቃዋለች።

ሻጩ ሲታሰር ሄሮይኑ ጠፋ። ፓርከር ወደ መጠጥ ዞረ። ጁላይ 29 ቀን 1946 በዚህ ሁኔታ ስቱዲዮ ገባ። «ላቨር ማን»ን የቀዳው ያን ቀን ነው። መግቢያው አለቀ፤ ፓርከር አልገባም። ዘግይቶ ገባ። ድምፁ ይንገዳገዳል፤ ሐረጎቹ ይቆራረጣሉ። በዚያው ሌሊት ያረፈበት ሆቴል ውስጥ እሳት ተነሣ፤ ተያዘ፤ ካማሪዮ ወደሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ተላከ። ስድስት ወር ቆየ። ራስል «ላቨር ማን»ን ሸክላ አድርጎ አወጣው። ፓርከር ይህን ፈጽሞ ይቅር አላለውም። እኔም ተማሪ በዚህ ቅጂ እንዲጀምር አልመክርም። አንዳንዶች «ነፍስ አለው» ብለው ያወድሱታል። እኔ የምሰማው የታመመ ሰው ነው፤ የታመመ ሰውን ሥቃይ ደግሞ እንደ ሥነ ጥበብ ማወደስ ይከብደኛል።

አሁን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ስሚ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1947 የተቀዳውን «ሪላክሲን አት ካማሪዮ»ን። ከሆስፒታል ከወጣ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። በልቷል፣ ተኝቷል፣ ሰውነቱ ተመልሷል። ዜማው እንደ ድንጋይ ደረጃ የሚያሰናክል ነው፤ እሱ ግን ዘና ብሎ ይሄድበታል። ያው ሰው፣ ያው ከተማ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሰባት ወር ብቻ ነው። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው ጥያቄሽን ደግሞ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

እሱ ራሱም ተናግሮታል። በ1949 ለዳውንቢት መጽሔት ሲናገር፣ በሐሺሽም በመርፌም በመጠጥም የተሻለ እጫወታለሁ የሚል ሙዚቀኛ ውሸታም ነው ብሏል። የሚያሳዝነው ወጣቶቹ የሰሙት አፉን ሳይሆን ኑሮውን መሆኑ ነው። ሶኒ ሮሊንስ፣ ጃኪ ማክሊንና ሬድ ሮድኒ በሱሱ ወድቀው ዓመታት አጥተዋል። ሮሊንስ እንደተናገረው፣ በ1953 አንድ የቀረጻ ቀን ፓርከር ስለ ሱሱ ጠይቆት ትቼዋለሁ ብሎ ዋሸው። ኋላ እውነቱን ሲሰማ የፓርከር ፊት የተለወጠው መለወጥ ነው ወደ ሕክምና የገፋው።

ከ1947 ጸደይ ጀምሮ ፓርከር ኒው ዮርክ ተመልሶ ባንድ አቋቋመ። ማይልስ ዴቪስ፣ ዱክ ጆርዳን፣ ቶሚ ፖተር፣ ማክስ ሮች። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ለዳያል ሦስት ጊዜ ቀዱ። «ስክራፕል ፍሮም ዘ አፕል»ን፣ «ደክስተሪቲ»ን፣ «ክዋሲሞዶ»ን እዚህ ታገኛለሽ። ፓርከርን በአንድ ባንድ ብቻ ስሚ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ማይልስ ገና የራሱን ድምፅ ይፈልጋል፤ እንደ ዲዚ ወደ ላይ አይወጣም። በዚያ ምክንያት የፓርከር መስመር ቦታ ያገኛል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። ከ1948 መጨረሻ ጀምሮ ከሸክላ አሳታሚው ኖርማን ግራንዝ ጋር ሠራ። ከማቺቶ የኩባ ባንድ ጋር ቀዳ። በ1950 ከዲዚና ከሞንክ ጋር ስቱዲዮ ገባ፤ የበዲ ሪች ድራም ግን ለሞንክ አይስማማውም ባይ ነኝ። ኖቬምበር 30 ቀን 1949 ከቫዮሊኖች ጋር የቀዳው «ጀስት ፍሬንድስ» ብዙ አከራክሯል። ገበያ ፍለጋ ነው ያሉ ነበሩ። ፓርከር ግን ከወደዳቸው ጥቂት ሥራዎቹ አንዱ ነበር። የዘመናዊ ክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎቹን ስትራቪንስኪንና ባርቶክን የሚያደንቅ ሰው ነበር፤ ከሌላው ደራሲ ከኤድጋር ቫሬዝ ለመማርም ጠይቋል። የቫዮሊኖቹ ቅንብር ቀለል ያለ መሆኑ አይካድም። ሶሎው ግን ዘፈን ለሚወድ ጆሮ ጥሩ በር ነው። ፈጣኑ የሚያስፈራሽ ከሆነ ከ«ፓርከርስ ሙድ» ቀጥለሽ ይህን ስሚ።

ሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ ማሲ ሆል ውስጥ ከዲዚ፣ ከባድ ፓወል፣ ከቻርልስ ሚንገስና ከማክስ ሮች ጋር ተጫወተ። በዚያ ምሽት የከባድ ሚዛን የቦክስ ግጥሚያ ስለነበር አዳራሹ አልሞላም። ሸክላው ሲወጣ በውል ምክንያት ስሙ «ቻርሊ ቻን» ተባለ። አንቺ የምትማሪው አልቶ ስለሆነ አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ያን ምሽት የያዘው ግራፍተን የሚባል የፕላስቲክ ሳክስፎን ነበር። ድምፁ ግን ያው የፓርከር ድምፅ ነው። ስለዚህ ውድ መሣሪያ እስክገዛ ብለሽ አትጠብቂ።

መጨረሻው ከባድ ነው። በ1951 ኒው ዮርክ ክለብ ውስጥ ለመሥራት ያስፈልግ የነበረውን የፖሊስ ፈቃድ ተነጠቀ። በማርች 1954 ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጁ ፕሪ ሞተች። በዚያው ዓመት ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ቤልቪው ሆስፒታል ገባ። ማርች 12 ቀን 1955 ኒው ዮርክ ውስጥ የጃዝ ሙዚቀኞች ደጋፊ በነበረችው በባሮነስ ፓኖኒካ መኖሪያ ቴሌቪዥን እያየ ሞተ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 እስከ 60 ገመተው። 34 ዓመቱ ነበር።

የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው ሃርለም በሚገኘው በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአገራችን የቀድሞ ስም የተጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተ ነው። ከፓርከር ሽኝት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ እዚያ ተገኝተው ነበር። አስከሬኑ ወደ ሚዙሪ ተወስዶ በሊንከን መካነ መቃብር አረፈ።

እንግዲህ በተግባር እንዴት ትሥሪ? ከሶሎዎቹ አንዱን ምረጪ፤ «ናውስ ዘ ታይም» ይሻላል፤ ቴምፖው መካከለኛ ነው፣ ብሉዝም ነው። ሳክስፎኑን አስቀምጪና አንድ ዙር በአፍሽ ዘምሪ። ከሸክላው ጋር እኩል መዝፈን ስትችዪ ብቻ መሣሪያውን አንሺ። ፍጥነት የሚቀንስ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ካለ በግማሽ ፍጥነት አድርጊው። ሶሎዎቹ በኖታ ተጽፈው የሚሸጡበት መጽሐፍ አለ፤ ግን በጆሮሽ ካወጣሽ በኋላ ለማረም ተጠቀሚበት። ኖታ የማይጽፈው ነገር አለ፦ የትኛውን ድምፅ እንደሚገፋ፣ የትኛውን እንደሚውጥ፣ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ እንዴት እንደሚቀር። ፓርከር ራሱ ሌስተር ያንግን የተማረው እንዲሁ ነው። ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬንም በ1945 ፊላደልፊያ ውስጥ ፓርከርን በዓይኑ ካየ በኋላ ዓመታት በዚህ ዓይነት ጥናት አሳልፏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍለጋ ስትገቢ የዲን ቤኔዴቲ ቅጂዎች የሚባሉ ያጋጥሙሻል። ቤኔዴቲ ሳክስፎኒስት ነበር። በ1947 እና 1948 ፓርከር የሚጫወትባቸው ክለቦች ውስጥ መቅጃ ይዞ እየገባ የፓርከርን ሶሎ ብቻ ይቀዳ ነበር፤ ሌላው ሰው ሲጀምር ያጠፋዋል። በ1990 ሞዛይክ ኩባንያ በሰባት ሲዲ አወጣቸው። ድምፁ ይንኳኳል፣ ዜማው መሃል ላይ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይቆማል። ውስጡ ያለው ጨዋታ ከስቱዲዮው የበለጠ ነፃ ነው። ግን ኮርዶቹን ገና ላልለመደ ጆሮ ምንም አይገባም። የ1947ን ባንድ የዳያል ቅጂዎች በደንብ ከለመድሽ በኋላ አውጪያቸው።